ለማየት ብቻ የመጡት ፕሮፌሰር

እኔ ራሴን የማወድስ ሰው አይደለሁም። የሚያወድሱኝ ብዙ ስለሆኑ ተራ አይደርሰኝም። ይሁን እንጂ ብሽሽቴ ላይ የደረሰው ነገር ከሥሩ እንዲገባችሁ፣ ማን እንደሆንኩ በጥቂቱ ባወጋችሁ አይከፋም። እናንተም ሥራ ቢበዛባችሁ ይህን አታነቡም ነበርና ታገሡኝ።

ልብስ ሰፊ ነኝ። ሱቄ ቦሌ መንገድ ላይ ነበር። ያኔ ቦሌ ማለት አንድ መንገድ ብቻ ነው። ከሱቄ ጀርባ ገብስ፣ ከገብሱ ጀርባ ላሞች፣ ከላሞቹ ጀርባ ደግሞ ምን እንደነበረ ሄጄ አላየሁም፤ ሥራ ነበረኝ። ነሐሴ ላይ ደንበኞቼ ሱሪ ሲለኩ ጫማቸው ላይ ያለው ጭቃ ሁለት ጣት ስለሚሆን፣ ከእግራቸው ቁመት ጭቃውን ቀንሼ ነበር የምጽፈው። ዛሬ በዚያ ቦታ የመስታወት ሕንፃ ቆሟል። ባለፈው ሳልፍ ጥበቃው «አባባ፣ ማንን ፈልገው ነው?» አለኝ። ራሴን ነው ልለው ብዬ ተውኩት።

ኮት መስፋት ማንም አላስተማረኝም። ይህን አስምሩበት። በጎረምሳነቴ ፒያሳ አንድ ስመ ጥር ሰፊ ዘንድ ተቀጥሬ ቁልፍ እተክል ነበር። ጌታዬ ኮሌታ ሊቆርጥ ሲል ፊቱን ወደ ግድግዳው ያዞርና ትከሻውን እንደ መጋረጃ ይዘረጋል። የመቀሱን ድምፅ እሰማለሁ፤ መቀሱን አላይም። የዚያ ዘመን ባለሙያ ሁሉ እንዲህ ነበር። ሙያውን ይዞት ይቀበራል እንጂ ለሰው አያሳይም። እኔ ግን ሞኝ አይደለሁም። ከሰልባጅ ተራ አሮጌ ኮት ገዝቼ፣ ቤቴ ወስጄ ስፌት በስፌት ፈታሁት። መልሼ ሰፋሁት። በመጀመሪያው ላይ አንድ እጅጌ ተረፈኝ። በሁለተኛው ላይ ምንም አልተረፈም። በአምስተኛው ጌታዬን በለጥኩት። ሱቅ ስከፍት እኔም ኮሌታ የምቆርጥበት የራሴን ግድግዳ አበጀሁ። ጀርባዬ ከጌታዬ ጀርባ ሰፊ ስለነበር ማንም ምንም አላየም።

እንግሊዝኛም ያስተማርኩት ራሴን በራሴ ነው። መምህሬ ከስፌት መኪናዬ ጋር የመጣች የመመሪያ መጽሐፍ ናት። ከዳር እስከ ዳር በቃሌ አውቃታለሁ። ፈረንጅ ደንበኛ ሲመጣ ከገጽ ሦስት ጀምሬ አነጋግረዋለሁ። ፈረንጁ ዝም ይላል። አድንቆኝ ነው።

ወደ ብሽሽቴ ልመለስ።

አሁን የምኖረው አያት፣ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ነው። ከሦስት ዓመት በፊት ብሽሽቴ ላይ ሎሚ የምታህል እብጠት ብቅ አለች። ስተኛ ትገባለች፤ ስነሣ ትወጣለች። ቡአ መሆኗን ሐኪም ሳይነግረኝ አወቅኋት፤ በላቸው ላይ አይቻታለሁና።

በላቸው ሱቄ ውስጥ ልብስ የሚተኩስ ባልደረባዬ ነበር፣ ነፍሱን ይማረውና። ያኔ እንዲህ ያለውን ነገር ኦፕራሲዮን የሚያደርግ ፈረንጅ ሐኪም እንደ ክረምት በዓመት አንዴ ነበር ብቅ የሚል። መጣ ሲባል ሰው ከየአገሩ ይሰለፋል። ፈረንጁ ምሳውን እንኳ ቆሞ እየበላ ይሠራል፣ ይሠራል፣ ከዚያ ሻንጣውን ይዞ ይሄዳል። በላቸው ወረፋው ሳይደርሰው የፈረንጁ መሄጃ ደረሰ። «ለከርሞ ና» ተባለ። ለከርሞ ሌላ ፈረንጅ መጣ፤ የዓይን ሐኪም። የበላቸውን ዓይን አይቶ ደህና ነህ አለው። ከዚያ ወዲያ የመጣ የለም። የመጀመሪያው ፈረንጅ ሙያውን ከነሻንጣው ይዞት ሄዷል፤ እዚህ የቀረ፣ እጁን አጥርቶ ያየ ሰው አልነበረም። እኔ ለበላቸው ከወፍራም ካኪ ቀበቶ ሰፋሁለት። እስከ ዕለተ ሞቱ እሱን ታጥቆ ሲተኩስ ኖረ። ሲስቅ ቀበቶውን በእጁ ይደግፍ ነበር። ብዙ ስለሚስቅ ብዙ ይደግፍ ነበር።

ስለዚህ ለራሴም ቀበቶ ሰፋሁ። ገበር ያለው፣ የተሻሻለ። ሦስት ዓመት ሙሉ ማንም አላወቀብኝም። ሐጂ ሰይድ ባይኖር ኖሮ እስከ ዛሬም ባልታወቀብኝ።

ሐጂ ሰይድ የሕንፃችን ምድር ቤት ላይ ሱቅ ያለው የወሎ ሰው ነው። እኩያዬ ነው። እሱ ግን «ታናሽህ ነኝ» ይለኛል። አንድ ቀን ከመኪና የወረደ የጤፍ ከረጢት ደጁ ላይ ተቀምጦ አየሁና «ይህን የሚያነሣልህ አጣህ?» አልኩት።

«አንተ ነህ የምታነሣው? ሂድ ወዲያ፣ እንኳን ጤፍ ጋዜጣም ከብዶሃል» አለኝ።

ይህ ለእኔ አይባልም። ጎንበስ ብዬ ከረጢቱን አቀፍኩና ብድግ አደረግሁት። ወዲያው ከሱሪዬ ውስጥ ጧ የሚል ድምፅ ተሰማ።

«ምንድን ነው የተቀደደው?» አለ ሐጂ ደንግጦ።

«ስፌቱ አይደለም!» አልኩት መሬት ላይ ተቀምጬ። «ስፌቱ የእኔ ነው። ጨርቁ ነው የከዳኝ!»

ሐጂ ሱቁን ዘግቶ በታክሲ ይዞኝ በረረ። የሆስፒታሉን ስም አልነግራችሁም። ከእኛ ሰፈር ብዙም አይርቅም።

እዚያ የተቀበለችን ዶክተር ጫልቱ የምትባል ቀጭን ልጅ ናት። ሐኪም ሆና ሳለ እንደገና ቀዶ ሕክምና እየተማረች ነው፤ ስፔሻሊስት ለመሆን። ሰፈሬን ጠየቀችኝና ነገርኳት። «የእኛ ቤተሰብ መሬት ነበር እኮ» አለች እብጠቷን በጣቷ እየተጫነች። «እናንተ ሕንፃ ጋ ይመስለኛል አውድማው የነበረው። ይስላሉ?»

«አያስለኝም።»

«ይሳሉልኝ ማለቴ ነው፣ አባባ።»

ሳልኩላት። ጣቷን አነሣችና «ኦፕራሲዮን ያስፈልግዎታል። ሐሙስ እሠራልዎታለሁ» አለች።

«ማን ነው የሚሠራው?»

«እኔ።»

ዞር ብዬ ሐጂን አየሁት። ሐጂ ጣሪያውን ያያል።

«ልጄ፣ ከውጭ አገር ትልልቅ ሐኪሞች መጥተዋል ሲባል ሰምቻለሁ» አልኳት።

«መጥተዋል። ፕሮፌሰሩ አጠገቤ ይቆማሉ።»

«ቆመው ምን ይሠራሉ?»

«ያያሉ።»

«ለማየት ነው ባሕር አቋርጠው የመጡት?»

«አዎ፣ አባባ» አለች ሳትቆጣ። «በዓመት ሁለት ጊዜ ይመጣሉ። መጀመሪያ እሳቸው ሲሠሩ እኔ ቁስሉን ከፍቼ እይዝላቸው ነበር። ቀጥሎ አብረን ሠራን። አሁን እኔ እሠራለሁ፣ እሳቸው ያያሉ። ከውስጥ በሚሰፋ መረብ የሚጠገነው የእርስዎ ዓይነቱ ብቻ ነው የቀረኝ። ሐሙስ ማታ ወደ አገራቸው ይሄዳሉ። ከዚያ በፊት አይተው ‹ብቻዋን ትችላለች› ብለው ካልፈረሙልኝ፣ እስኪመለሱ ስድስት ወር እጠብቃለሁ።»

«ብትጠብቂ ምን ይጎዳሻል? ወጣት ነሽ።»

«እኔን አይጎዳኝም። የምመደብበት ሆስፒታል ግን አንድም ቀዶ ሐኪም የለውም። ሰዉ ተሰልፎ ነው ያለው።»

ይህን ስትል በላቸው ትዝ ሊለኝ ይገባ ነበር። አላለኝም። የታየኝ ለሙከራ የሚቆረጥ ብጥስጣሽ ጨርቅ መሆኔ ብቻ ነው። ይህን ሁሉ ዘመን የሚኒስትር ኮት የሰፋሁ ሰው!

በዚህ መሃል ፕሮፌሰሩ ገቡ። ረጅም፣ ትንሽ ጎበጥ ያሉ፣ መነጽራቸው ግንባራቸው ላይ የተረሳ ሰውዬ ናቸው። ሸሚዛቸውን አየሁት፤ ኮሌታው ደህና ነው፣ ትከሻው ላይ ይሰበሰባል። ልጅቷን አልፌ በቀጥታ በእንግሊዝኛ ገባሁባቸው።

«ከመጀመርዎ በፊት የክሩን ውጥረት ይመርምሩ» አልኳቸው። ገጽ ሦስት። «መርፌው ቀጥ ብሎ መግባቱን ያረጋግጡ። ጨርቁን በኃይል አይጎትቱ።»

ፕሮፌሰሩ መነጽራቸውን አውርደው በጥሞና ሰሙኝ። ከዚያ አንድ ነገር ተናገሩ። ዶክተር ጫልቱ ሳቋን ውጣ ተረጎመችልኝ፤ «ዕድሜዬን ሙሉ ለተማሪዎቼ የምነግረው ይህንኑ ነው» አሉ።

«ሰማህ?» አልኩት ሐጂን።

ችግሩ «እርስዎ ራስዎ ይሥሩልኝ» የሚል መጽሐፏ ውስጥ የለም። ስለዚህ «ተርጉሚልኝ» ብዬ ለራሷ ለዶክተር ጫልቱ ነገርኳት። ተረጎመች። አንዲት ቃል እንዳላጎደለች ከፊቷ አወቅኩ፤ እስከ አንገቷ ቀልታለች። ፕሮፌሰሩ ራሳቸውን ነቀነቁና «እሷ ናት የምትሠራው፤ እኔ እዚያው ነኝ» አሉ።

አኩርፌ ወጣሁ። ነርሷ ተከትላኝ «አባባ፣ ረቡዕ ከእራት በኋላ ምግብም መጠጥም እንዳይቀምሱ። ውሃም ቢሆን!» አለችኝ። እኔ በጾም ያረጀሁ ሰው ነኝ፤ ለእኔ ይህ ምን ትእዛዝ ነው!

ሐሙስ ማለዳ ሳሊተ ምሕረት ሄድኩ። ስእለቴ አጭር ነበር፤ መቀሱን ፈረንጁ እንዲይዘው። ጸሎቴን አድርሼ ወደ ጠበሉ ጎራ አልኩና አንድ ጣሳ ጠጣሁ። ለእብጠቷ አንድ ጨመርኩ። ለፈረንጁ አንድ ጨመርኩ። ጠበል በባዶ ሆድ ነው የሚጠጣው፤ ሆዴ ደግሞ ባዶ ነው። የነርሷንም የቤተ ክርስቲያኑንም ሥርዓት በአንድ ጊዜ ፈጸምኩ ብዬ እየተደሰትኩ ወደ ሆስፒታሉ ሄድኩ። ሐጂ በር ላይ ይጠብቀኝ ነበር።

ከኋላ ክፍት የሆነ ልብስ አለበሱኝ። እንዲህ ያለ ልብስ የሰፋ ሰው ወይ ጨርቅ አንሶታል፣ ወይ ሰው ኋላም እንዳለው ረስቷል። ይህንኑ ለነርሷ እያስረዳሁ ሳለ ሽንቴ መጣ። ሄጄ መጣሁ። የደም ግፊቴን ለክተው ሳይጨርሱ እንደገና መጣ። ለሦስተኛ ጊዜ ልብሴን ከኋላ በእጄ ይዤ ስመለስ የማደንዘዣ ባለሙያው በሩ ላይ ቆሞ አገኘሁት።

«አባባ፣ ምን ጠጥተው ነው?»

«ምንም። እንደታዘዝኩት ከእራት ወዲህ ምንም አልቀመስኩም።»

«ምንም?»

«ምንም አልኩህ። ጠበል ብቻ።»

እስክሪብቶውን አስቀመጠ። «ስንት?»

«ሦስት ጣሳ።»

ልጁ አንገቱ ላይ ማተብ አስሯል። «አባባ» አለኝ በቀስታ፣ «እኔም እጠጣለሁ፣ አምናለሁ። ግን ሆድዎ ውስጥ ገብቶ ሲቀመጥ ውሃ ነው። ቢያስመልስዎት ወደ ሳንባዎ ይገባል። አሁን ልነካዎት አልችልም።»

ተራዬ ለሌላ ሰው ተሰጠ። የእኔ ከሁሉ በኋላ፣ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ሆነ። ፕሮፌሰሩን ወደ አውሮፕላን ማረፊያ የሚወስደው መኪና አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ይመጣል።

ሐጂ ሰይድ ኮሪደሩ ላይ ያዘኝ። «አንተ ሰውዬ፣ አብደሃል?»

«ጠበል እኮ ነው!»

«እኔም ዘምዘም አምጥቻለሁ፣ ከመካ። ከዘምዘም የሚበልጥብኝ ውሃ የለም። አውሮፕላን ላይ ሲጭኑት ግን በኪሎ ነው የመዘኑት! ‹የተባረከ ነው አይከብድም› ብዬ አልተከራከርኩም። ይልቅ ሂድና ያቺን ልጅ እያት። ምን እንዳደረግካት እይ።»

ዶክተር ጫልቱ ኮሪደሩ ጫፍ አግዳሚ ወንበር ላይ ብቻዋን ተቀምጣለች። ቆቧን አውልቃለች። የሚያለቅስ ሰው አገኛለሁ ብዬ ነበር የቀረብኩት። አላለቀሰችም። የወንበሩ እጀታ ላይ ክር አስራ ትቋጥራለች። በግራ እጇ ብቻ ነው። ጣቶቿ አንዴ እጥፍ ይላሉ፣ ክሩ ራሱ ቋጠሮ ሆኖ ቁጭ ይላል። ደርዘን ያህል ቋጠሮ ተደርድሯል፤ ሁሉም እኩል። ዕድሜዬን ሙሉ ከክር ጋር ኖሬ እንዲህ ያለ ነገር አይቼ አላውቅም። ከዓይኔ ፈጠነብኝ።

«ድገሚው እስቲ» አልኳት።

ቀና ብላ አየችኝ። ልትቆጣኝ ትችል ነበር፤ መብቷም ነው። ጠጋ ብላ ቦታ ለቀቀችልኝና እጇን ወደ እኔ አዞረች። «ይኸው፤ ይቺ ጣት ክሩን ትይዛለች። ይቺኛዋ ከሥር ትገባለች። አሁን ይጎትቱ... አይ፣ በዚህ በኩል፣ አባባ።» ቀስ ብላ፣ አንዴ፣ ሁለቴ፣ ሦስቴ አሳየችኝ። በአራተኛው ቻልኩ። ሰባ ስድስት ዓመቴ ነው። አንድ ሰው እጁን ወደ እኔ አዙሮ፣ ቀስ ብሎ፣ የሚያውቀውን ነገር ሲያሳየኝ ያ የመጀመሪያዬ ነበር። አምስተኛውን ሳልጠየቅ ቋጠርኩ።

ዘጠኝ ሰዓት ሊሆን ሲል ፕሮፌሰሩ ሰዓታቸውን እያዩ መጡ። ለዶክተር ጫልቱ ነገሯት። እሷም ወደ እኔ ዞረች።

«ፕሮፌሰሩ የሚሉት... ጊዜው አጥሯል። እሷ ተረጋግታ እንድትሠራው ጊዜ ላይበቃን ይችላል። እኔ ከሠራሁት ቶሎ ያልቃል። እርስዎም መጀመሪያ የፈለጉት ይህንኑ ስለነበር፣ ከፈቀዱ እኔ ልሥራልዎት ይላሉ።»

አሁንም አንዲት ቃል አላጎደለችም። በራሷ ላይ የሚፈርደውን ነገር እንደዚያ አስተካክሎ የሚተረጉም ሰው አላየሁም።

ስእለቴ ደረሰ ማለት ነው። ሐጂ ከጎኔ ቆሞ ያየኛል። መጽሐፏን በአእምሮዬ ገለጥኩ። ገጽ አሥራ ዘጠኝ ላይ አገኘሁት። ቀጥ ብዬ ቆምኩና፣ ከኋላ ያለውን ክፍተት ይዤ፣ በእንግሊዝኛ እንዲህ አልኳቸው፤ «መኪናው ሥራ ላይ ሳለ ሠራተኛ አይቀያየርም!»

ፕሮፌሰሩ አፋቸውን ይዘው ሳቁ። ከዚያ ስልካቸውን አወጡና መኪናው ቢጠብቅም ይጠብቅ ብለው ነገሩ። ዶክተር ጫልቱ ቆቧን አጠለቀች። ክሯን ከወንበሩ ሳትፈታ ነው የሄደችው።

ጀርባዬን ወጉኝ። ከወገቤ በታች ያለው ሰውነቴ የሌላ ሰው ሆነ። ደረቴ ላይ አረንጓዴ ጨርቅ እንደ መጋረጃ ተሰቀለ። ከመሰቀሉ በፊት አንድ ነገር አየሁ። ፕሮፌሰሩ ከዶክተር ጫልቱ ጎን ግማሽ እርምጃ ወደ ኋላ ብለው፣ መብራቷን እንዳይጋርዱባት ዘወር ብለው፣ እጆቻቸውን ደረታቸው ላይ አጣምረው ቆመዋል። አንድ ሌላ ሐኪም ሊያግዛት ከፊቷ ቆሟል። የሱቄ ግድግዳ ፊቴ ላይ ድቅን አለ። ስንት ሰው ጀርባዬን ብቻ አይቶ ሄደ! ይህን ላለማሰብ ማውራት ጀመርኩ።

ለፕሮፌሰሩ ሁሉንም አወራኋቸው። እንግሊዝኛዬ ገጽ አርባ ላይ ሲያልቅ በአማርኛ ቀጠልኩ። ቦሌ መንገድ ላይ ከብት ሲያልፍ ታክሲ ቆሞ እንደሚጠብቅ ነገርኳቸው። ለሠርግ የሰፋሁለትን ኮት ገብሱ ውስጥ ወድቆ ከነእሸቱ ይዞልኝ ስለመጣው ሙሽራ ነገርኳቸው። ስለ በላቸውም ነገርኳቸው። ክፉ ነገር አልተናገርኩም፤ ለከርሞ ና እንደተባለ ብቻ፣ ቀበቶውን ይዞ እንዴት እንደሚስቅ ብቻ። በየመሃሉ «እህ» ይሉኛል። ደስ አለኝ። አማርኛ ሳያውቅ እንዲህ የሚያዳምጥ ሰው ከየት ይገኛል?

በመጨረሻ «ፕሮፌሰር» አልኩ፣ «ልጅቷን እንዴት አገኟት?»

መልስ የለም።

«ፕሮፌሰር!»

«አባባ፣ ፕሮፌሰሩ ወጥተዋል እኮ» አለች ዶክተር ጫልቱ ከጨርቁ ማዶ።

«መቼ?»

«መረቡን ሰፍቼ ስጨርስ። ቆይቷል።»

«ታዲያ ማን ነው እህ የሚለኝ?»

«እኔ ነኝ፣ አባባ» አለ የማደንዘዣው ልጅ ከራስጌዬ። «ታሪኩ ጥሞኝ ነው።»

ልነሣ ሞከርኩ፤ የሚነሣ ወገብ የለኝም። «ማን ፈቀደላቸው? ያላለቀ ሰው ትቶ ይኬዳል?»

«‹ከዚህ በኋላ እኔ የማየው የለኝም› አሉ» አለች። እጇ አልቆመም፤ የመቀሱን ድምፅ እሰማለሁ። «ወረቀቱን ፈርመው ውጭ ጠረጴዛው ላይ አስቀምጠውልኛል።»

በጣሪያው ላይ አውሮፕላን አለፈ። የእሳቸው እንዳይሆን ገና መንገድ ላይ ናቸው፤ በዚያ ሰዓት ገርጂ ላይ መኪና እንዴት እንደሚጨናነቅ እኔ አውቃለሁ። ሌላው ሐኪምም፣ ነርሷም፣ የማደንዘዣው ልጅም ሲያልፍ ቀና አሉ። ዶክተር ጫልቱ ቀና አላለችም፤ ይህን በኋላ የነገረኝ የማደንዘዣው ልጅ ነው።

«አሁን የት ደረስሽ?» አልኳት።

«ቆዳውን እየሰፋሁ ነው።»

ቆዳ! ይህማ የእኔ ሙያ ነው። ስለ ጫፍ አያያዝ፣ ስለ ክር ርዝመት፣ ስለ መጨረሻው ስፌት የምነግራት ስንት ነገር ነበረኝ። አፌን ከፈትኩ።

«አባባ» አለችኝ።

«አቤት» አልኩ።

«ትንሽ ዝም ይበሉልኝ፤ ልጨርስ።»

ዝም አልኩ።